የእቃቃ ቤት በመርሳ

ከደሴ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ሐይቅን አልፎ፣ ውጫሌን አልፎ ቁልቁለቱን ሲያያዘው ሹራቡን ማውለቁ አይቀርም። የአምባሰል ተራራ በስተግራ ቀጥ ብሎ ይሸኘዋል፤ በስተቀኝ አገሩ ወደ አፋር ቆላ እየተዘረጋ ይወርዳል። ከውርጌሳ ቀጥሎ መርሳ ናት፤ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር፣ ከወልድያ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል። መንገደኛ የሚያውቃት በፍራፍሬዋ ነው። መኪናው ገና ሳይቆም ማንጎና ፓፓያ የያዙ እጆች በመስኮት ይገባሉ፤ ሒሳቡ በጥድፊያ ይከፈላል፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፤ መርሳ አለቀች። እኔም እንደዚያው ማንጎዬን ይዤ ወደ ላሊበላ ላልፍ ነበር። ያስቀረችኝ ቁመቷ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ የምትል አንዲት ባለ ፎቅ ቤት ናት።

የቆመችው ከአስፋልቱ ዳር፣ ከአንድ እንጨት ሥራ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ዙሪያዋን አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ቡፌና ያልተገጠሙ በሮች ከበዋታል። በሯ ተቆርጧል፣ መስኮቶቿ ተከፍተዋል፣ ለበረንዳዋ እንኳ ከጣት የቀጠኑ ቋሚዎች ተተክለውላታል፤ ቀለም ግን አልነካትም። አናጢው በርጩማ ላይ ተቀምጠው የመስኮቷን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። ቅንድባቸውና የሸሚዛቸው ኮሌታ ነጭ ዱቄት ለብሷል።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ፤ ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

«የአሻንጉሊት» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ሰው ከሚገባበት ቤት ይልቅ እሷ አስቸገረችኝ።»

ያዘዘቻቸው ከጅዳ የተመለሰች የአገሩ ልጅ ናት። በሀብሩ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። እሷም እዚያ በሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪዎቿ ልጅ የምትጫወትበትን የአሻንጉሊት ቤት ዘወትር ትወለውል ነበር። ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የመስኮቱን ዙሪያ። አገሯ ስትገባ ለገዛ ልጇ እንዲያ ያለ ይሠራልኝ ብላ መጣች። ከስልኳ ፎቶ አሳየች፣ ቀብድ ከፈለች፣ አንድ ማሳሰቢያ ጨመረች፦ ቀለሙ እጅ ሲነካው መሻከር የለበትም። ለዓመታት በጨርቅ ያሸችው ነገር ስለሆነ ልስላሴውን የምታውቀው በእጇ ነው። እንዲህ ያለ ደንበኛ ደግሞ አይታለልም።

የአገሩ ልጅ እቃቃ የሚጫወተው በሦስት ጠጠር ጉልቻ፣ በጭቃ ድስትና ጨርቅ በለበሰ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ቆረቆንዳው አንድ ቀን ሙሽራ፣ በማግስቱ አራስ ይሆናል። ቤቱ መሬት ላይ በእንጨት የተሰመረ መስመር ነው። በአውሮፓ ግን የአሻንጉሊት ቤት ከልጆች በፊት የመሳፍንት ነበር፤ የባቫሪያው መስፍን አልብሬኽት 5ኛ እ.ኤ.አ. በ1558 ገደማ ያሠሩት ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ኤድዊን ለችንስ የተባለው አርክቴክት ለንግሥት ሜሪ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1924 የሠራው ዛሬም በዊንዘር ቤተ መንግሥት ይታያል። የተሠራው ከእውነተኛው ቤት 12 ጊዜ አሳንሶ ነው። ይህን ልኬት ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። የመርሳዋም ቤት በዓይን ግምት ወደዚያው ትጠጋለች፤ በዚህ ልኬት ደግሞ ግድግዳው ላይ 1 ሚሊ ሜትር የምታህል ጉብታ በእውነተኛ ቤት ላይ 12 ሚሊ ሜትር ማለት ናት። በቡፌ ላይ ማንም የማያያት የብሩሽ ፀጉር እዚህች ቤት ላይ ወድቃ ብትደርቅ የተጋደመ አጠና ትሆናለች። አናጢው ይህን በቁጥር አላሉኝም። «ቤቷ ስታንስ ጥፋቱ ያድጋል» ነው ያሉት።

ቤቷ የተሠራችው ከኮምፔንሳቶ ነው። ኮምፔንሳቶ ስስ የእንጨት ሉሆች በኮላ ተደራርበው የሚጨመቁበት ጣውላ ነው፤ የአንዱ ሉህ መስመር በርዝመት ሲሄድ የሚቀጥለው በወርድ ይሄዳል፣ ቁጥራቸውም ብዙውን ጊዜ ጎዶሎ ነው፦ 3፣ 5፣ 7። ይህ አደራረብ ከመጣመም ይጠብቀዋል። ፊቱን ስታዩት ለቀለም የተዘጋጀ ይመስላል። ጉዱ ያለው ጠርዙ ላይ ነው። በተቆረጠበት በኩል ሉሆቹ አንዱ በጎኑ፣ አንዱ በአፉ እየተፈራረቁ ይታያሉ፤ በአፉ የወጣው ሉህ ቀለምን እንደ ደረቅ እንጀራ ይጠጣል። ፊቱ ሁለት እጅ ቀለም ሲበቃው ጠርዙ አራት እጅ ጠጥቶም ደረቅና ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ይህች ቤት ደግሞ ጠርዝ በጠርዝ ናት። እያንዳንዱ መስኮት አራት ጠርዝ አለው፤ በሩ፣ የጣሪያው ክፈፍ፣ የበረንዳው ወለል ሁሉ ጠርዝ ነው።

ስለዚህ አናጢው ከፊቱ አልጀመሩም። ነጩን የእንጨት ኮላ በውኃ አቀጠኑና በትንሽ ብሩሽ ጠርዙን ሁሉ አጠጡት። ሲደርቅ ደገሙት። ኮላው ሉሆቹ መካከል ገብቶ ሲጠጥር በቁጥር 180 ብርጭቆ ወረቀት አሹት፤ ቀጥሎ ስቱኮ በጠባብ ስፓቱላ እየገፉ ሞሉበት። ስፓቱላውን ሲስቡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መመላለስ የለም። «ከነካካኸው ይነሣል» አሉኝ። ስቱኮው ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ አስተርፎ መሙላት፣ ቀጥሎ አሽቶ ማስተካከል ነው። ምስማሮቹ ደግሞ ጭንቅላታቸው በምስማር መምቻ ከጣውላው ፊት ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ ጭንቅላታቸው ላይ ያለችውም ጉድጓድ በስቱኮ ተደፈነች።

ጋሼን ይህን ከማን እንደተማሩ ጠየቅኳቸው። ከአሠልጣኝ ወይም ከጌታ አናጢ የሚል መልስ ጠብቄ ነበር።

«ከእናቴ» አሉኝ። እናታቸው በገጠር ቀበሌ ቤት ስትመርግ ጭቃ የሚያቀብሉ ልጅ ነበሩ። ምርጊት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ይሰነብታል፤ ሻካራው በመጀመሪያ ይመረጋል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ መሰንጠቁም አያስደነግጥም፤ ስንጥቁ በላመ ጭቃ ይሞላል፤ መጨረሻ ላይ እበትና አመድ ተለውሶ በመዳፍ ይለሰናል። ሻካራውን ሳያደርቅ ልስኑን የጫነ ሰው ግድግዳው በክረምት ይረግፍበታል። ኮላው፣ ስቱኮው፣ ከቀለም በፊት የሚቀባው ፕራይመር ሌላ ስም ይዞ የመጣ ያው ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ በሀብሩ መንደሮች ስዘዋወር የተለሰነ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር መዳፌን ሳላሳርፍበት ማለፍ አልቻልኩም። አንዳንዱ ግድግዳ ላይ የለሳኟ አምስት ጣቶች ቅስት ሠርተው ይታያሉ፤ ከቀለም ቤት የተገዛ ምንም ነገር እንዲህ አያምርም። አገሩን የወደድኩት ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ጣውላው ፊት ስንመለስ፣ አናጢው እርጥብ ጨርቅ ጨምቀው ግድግዳዎቹን ሁሉ ጠረጉ። ውኃ የእንጨት ጠላት ነው ሲባል ለሰማ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ምክንያቱ ግን አላቸው። እንጨት እርጥበት ሲነካው የተጋደመ ፀጉሩ ይቆማል፤ ቀለም ውስጥ ቆሞ ከሚደርቅ አሁኑኑ ቆሞ ቢታሽ ይሻላል። ጨርቁ በጣም ከረጠበ ግን ስሱ ሉህ ይነፋል፤ መጭመቁ ላይ ነው ጥበቡ። ከደረቀ በኋላ በቁጥር 220፣ ሁልጊዜም በእንጨቱ መስመር፣ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለው አሹት። በጣት ብቻ ማሸት ጣት በተጫነበት ይሸረሽራል፤ ቀለም ሲያርፍበት ሞገድ ይሆናል።

የእጅ ሥራው ብዛት በምርጫ ብቻ አልነበረም። የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያንና አካባቢውን ባናወጠበት ጊዜ ማሽኖቻቸው ጠፍተዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት የሠሩት የተሰበረ በርና የትምህርት ቤት ዴስክ ነው። ይህን የነገሩኝ ስቱኮ እያሹ፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ ነው፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ቀለም ለመግዛት ወደ ወልድያ አብሬያቸው ሄድኩ። ሚኒባሱ በሲሪንቃ በኩል ያልፋል፤ የማሽላ ዝርያ በማሻሻል የታወቀው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ነው። ወልድያ ላይ አየሩ ይለወጣል። ከተማዋ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ መርሳ ከእሷ ብዙ ዝቅ ትላለች። ለቀለም ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በወልድያ ክረምት ጭጋጉ ሲያርፍ የዘይት ቀለም በማግስቱም እጅ ላይ ይጣበቃል፤ በመርሳ የቀትር ሙቀት ደግሞ ብሩሹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይደርስ ጀርባው መድረቅ ይጀምራል፣ መጋጠሚያው ጠባሳ ይተዋል። አናጢው ለወልድያው ሻጭ ያሉት አንድ ቃል ነበር፦ «የሕፃን ዕቃ ነው።» ሻጩ ያወረደውን ጣሳ መልሶ ሰቀለና ሌላ አመጣ። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ሊድ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ ብረት ነው፤ ልጅ ደግሞ የቤቷን ጣሪያ መንከሷ አይቀርም። ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ እንግዲህ ከማሸት እኩል የዝግጅቱ ክፍል ነው። በዚሁ ምክንያት የቆየ ቀለም ያለበትን ዕቃ ልጆች ባሉበት ማሸት አይገባም፤ ብናኙ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ወልድያ ላይ ቡና ስንጠጣ ጨዋታው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሄደ። በአገራችን ለቀለም ወለል ማዘጋጀት የቆየ ሙያ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በእንጨት ገበታ ላይ እመቤታችንን ሲሥል ቀለሙ በቀጥታ እንጨት ላይ አላረፈም፤ የዘመኑ ገበታዎች መጀመሪያ በጄሶና በሙጫ ይለበጡ ነበር። ለግድግዳ ደግሞ ሥዕሉ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ ይለጠፋል። ከወልድያ ወደ ላስታ ለሚዘልቅ ሰው ደግሞ ይምርሐነ ክርስቶስ አለለት። ያ ቤተ ክርስቲያን በትልቅ ዋሻ ውስጥ ነው የታነፀው፤ ውጭው አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን እየተፈራረቀ ይወጣል። ዕድሜው ከ800 ዓመት በላይ ነው፤ ዋሻው ከዝናብና ከፀሐይ ስለጋረደው ልስኑ ዛሬም ነጭ ሆኖ ይታያል። የውጭ ቅብ የሚያረጀው በውኃና በፀሐይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቦታ በሰሜን ወሎ አላውቅም። አናጢው ሙስሊም ናቸው፤ ይምርሐነ ክርስቶስን በወጣትነታቸው ከክርስቲያን ጓደኛቸው ጋር ሄደው አይተዋል። የወሎ ነገር እንዲህ ነው። ያስታወሱትም የእንጨቱን ማዕዘን አጋጠም ነበር።

የቀለሙ ቀን ጎህ ሳይቀድ ተጀመረ። ከፀሐይ በኋላ ከሜዳው ነፋስ ይነሣል፣ አስፋልቱም በከባድ መኪና ይሞላል፤ አቧራው እርጥብ ቀለም ላይ ካረፈ የሰነበተው ማሸት ከንቱ ነው። የአናጢው ተለማማጅ ወለሉን ውኃ ረጨው፣ በመንገዱ በኩል የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ እንደ መጋረጃ ተሰቀለ። አናጢው መብራት ከጎን እንዳበራ አዘዙኝ። ስልኬን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጌ ሳበራ ለስላሳ ነው ብዬ የማልኩለት ጣውላ ጭረትና ጉብታ በጥላ አወጣ። ቀጥሎ ስስ ፌስታል እጃቸው ላይ አጥልቀው ዳሰሱት። ፌስታሉ እንጨቱ ላይ ሳይያዝ በቀላሉ ስለሚንሸራተት ባዶ ጣት የማትለየውን ጉብታ ይናገራል። እኔም አጠለቅኩ። ከበሩ በላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ነጥብ አገኘሁ፤ ኩራቴ ቀኑን ሙሉ አልበረደም።

ብናኙ የቀለም ማቅጠኛ አኳራጂያ በነካው ጨርቅ ተጠረገ። ፕራይመሩ ቀጥኖ፣ በናይሎን ሻሽ ተጣርቶ፣ አንድ እጅ ተቀባ፤ ከውጭም ከውስጥም። ውስጡን ለምን እንደሚቀቡ ስጠይቅ ሳቁ። ስስ ኮምፔንሳቶ አንድ ፊቱ ብቻ ከተቀባ እርጥበት የሚገባውና የሚወጣው በሌላው ፊት ብቻ ይሆናል፤ ጣውላው ይጎብጣል፣ ማዕዘኑም ይከፈታል።

የመጀመሪያው እጅ ሲደርቅ ቤቷ አስቀያሚ ሆነች። ጥሬው እንጨት የደበቀውን ሁሉ አንድ ወጥ ነጭ ቀለም አጋለጠው፤ የመጋዝ ጥርስ፣ የስቱኮ ቀዳዳ፣ የቆመ ፀጉር። እኔ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን ደስ አላቸው። የፕራይመር ዋና ሥራ ይህ ነው፣ እንከኑን ማሳየት። በእርሳስ እየከበቡ ምልክት አደረጉ፣ በስስ ስቱኮ ሞሉ፣ በቁጥር 320 አሹ፣ ጠረጉ፣ ሁለተኛውን እጅ ቀቡ። በየመካከሉ ባለቤታቸው ቡና ታፈላለች፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለቀለም እንደማይበቃ ግን ማንም አልተሳሳተም። የቡናው ሰዓት ለእኛ ነው፤ ቀለሙ እስከ ማግስቱ ይጠብቃል። የቤቷ የወደፊት ባለቤት፣ ትንሿ ልጅ፣ ከእናቷ ጋር ብቅ ብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ውሻው የት ነው የሚያድረው? አናጢው ከቁርጥራጩ መካከል አንድ ጣውላ አንሥተው ለብቻ አስቀመጡት።

መጨረሻው ቀለም ውኃ ሰማያዊ ነበር፣ ለመስኮቱ ዙሪያ ነጭ። ቀጭን ሁለት እጅ፤ በመካከሉ ያገለገለ 320 ወረቀት ቀለል ተደርጎ ታሸበት፣ ቀለሙን ለማንሣት ሳይሆን ብልጭታውን ሰብሮ የሚቀጥለው እንዲይዝ። ወፍራም አንድ እጅ ከቀጭን ሁለት ይሻላል የሚል ቀቢ ብዙ አይቻለሁ፤ ከጠርዙ ሲንጠባጠብም አይቻለሁ። እናትየዋ ልትወስዳት ስትመጣ ቤቷን በዓይኗ አልመረመረችም። በቀሚሷ ጫፍ መዳፏን ጠረገችና ከጣሪያው ክፈፍ እስከ በሩ ደፍ ድረስ አንድ ጊዜ አሻሸቻት፤ መስኮቷ ጠርዝ ላይ ጣቷን አዞረች። ቀሪውን ገንዘብ ሳትከራከር ከፈለች።

ላሊበላ በኋላ ደርሻለሁ፤ ስለ እሷ የሚጽፍ አይጠፋም። በመርሳ በኩል የምታልፉ ግን ከማንጎው በኋላ ወደ እንጨት ሥራ ቤቶቹ ጎራ በሉ። ዕቃ ካዘዛችሁ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ይሁን፣ ክረምት ለቀለም አይሆንም። ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ለማድረቂያ ስንት ቀን እንደሚፈልግ አናጢውን ጠይቁት፣ ያለውንም ቀን ሳትቀንሱ ስጡት።